በደረቅ ምድር ላይ የወረደው አመዳይ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ በመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)

በዚህ በዓል ላይ እንድንናገር ዕድል በተሰጠን ጊዜ፣ ከጂኦግራፊ ትምህርታችን አንድ ነገር መርጠን ብናቀርብ ይሻላል ብለን ተስማማን። የመረጥነውም ነገር ሲሰሙት እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ይኸውም በምድራችን ካሉት በረሃዎች ሁሉ እጅግ ደረቅ ከሚባለው ስፍራ ላይ በረዶ ስለ መውረዱ ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «በረሃና በረዶን ምን አገናኛቸው? ደግሞስ በሩቅ አገር የወረደ በረዶ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የመጀመሪያውን አሁኑኑ እንመልሳለን፤ ለሁለተኛው ግን ነገሩን እስክንፈጽም ድረስ ትዕግሥታችሁን እንለምናለን።

አስቀድመን ቃሉን እናጥራ። እኛ በአማርኛ «በረዶ» ስንል ብዙውን ጊዜ በክረምት ከነጐድጓድ ጋር ወርዶ የቆርቆሮ ጣሪያ የሚደበድበውን፣ የባቄላውንና የአተሩን አበባ የሚያረግፈውን ጠጣር ነገር ማለታችን ነው። ዛሬ የምንናገርለት ግን ከዚህ ይለያል፤ አባቶቻችን አመዳይ ይሉታል። ጠጣሩ በረዶ በነጐድጓድ ደመና ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች እየተወረወረ፣ ውሃ በላዩ ላይ እየረጋ፣ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ሆኖ የሚያድግ ነው። አመዳይ ግን በቀዝቃዛ ደመና ውስጥ እንፋሎቱ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ረግቶ፣ ስድስት ማዕዘን ያለው ስስ ቅርጽ ይዞ፣ እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርድ ነው። ጠጣሩ በረዶ ሲመጣ ሁሉም ይሰማዋል፤ አመዳይ ግን ድምፅ የለውም፤ ሌሊት ወርዶ ሲነጋ ይታያል።

አገራችንም ለአመዳይ ፈጽማ እንግዳ አይደለችም። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በቀይ ባሕር ዳር በአዱሊስ ከተማ ገልብጦ ያቆየልን የአንድ የአክሱም ንጉሥ የድንጋይ ጽሕፈት፣ ንጉሡ ድል ካደረጋቸው አገሮች መካከል ስሜንን ሲጠቅስ፣ ተራራው በበረዶ የተሸፈነ መሆኑንና ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት መሆኑን ይናገራል። ዛሬም ቢሆን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ዳሸን አንዳንድ ጊዜ ነጭ ለብሶ ይታያል። እንግዲህ በሞቃቱ የምድር ወገብ አቅራቢያ ባለ አገር እንኳ ከፍታ ካለ ቁሩ አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ በረሃው እንሂድ። ስሙ አታካማ ይባላል። በደቡብ አሜሪካ፣ በቺሊ ሰሜናዊ ክፍል፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስና በአንዲስ ተራሮች መካከል ይገኛል። በእኛ ቋንቋ በረሃ ሲባል ቆላና ሐሩር ይታሰበናል፤ የጂኦግራፊ ሊቃውንት ግን በረሃን የሚለኩት በሙቀቱ ሳይሆን በድርቀቱ ነው። አታካማ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ እንደ ደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል። ሳን ፔድሮ ደ አታካማ የምትባለው ትንሽ ከተማ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከእርስዋ በስተምሥራቅ ያለው የቻህናንቶር አምባ 5,000 ሜትር ይደርሳል። ዩያይያኮ የሚባለው እሳተ ገሞራ ደግሞ 6,739 ሜትር ነው። ስለዚህ የዚህ በረሃ ላይኛው ክፍል ሌሊት የሚያንቀጠቅጥ፣ ቀን ፀሐይዋ የምትፋጅ ደረቅ ደጋ ነው።

ስለ ድርቀቱ አንድ ምሳሌ ብቻ እንስጥ። በበረሃው ሰሜናዊ ጫፍ በባሕር ዳር ያለችው የአሪካ ከተማ በአማካይ በዓመት የምታገኘው ዝናብ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከጥቅምት 1903 እስከ ጥር 1918 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለ173 ወራት አንዲት የምትለካ የዝናብ ጠብታ እንኳ አልወረደባትም። (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ያን ጊዜ በዚያች ከተማ የተወለደ ሕፃን ዝናብ የሚባለውን ነገር ሳያይ አሥራ አራት ዓመት ሊሞላው ይችል ነበር።

ይህ ሁሉ ድርቀት ስለምን መጣ? በረሃውን ከውሃ የሚከለክሉት ሦስት ዘበኞች አሉ። አንደኛው ዘበኛ የአንዲስ ተራራ ነው። ከአማዞን ጫካ በኩል የሚነሣው እርጥብ አየር ወደ ምዕራብ ሲጓዝ በተራራው ምሥራቃዊ ፊት ላይ ዝናቡን ያራግፍና ባዶውን ይሻገራል። ሁለተኛው ዘበኛ ከደቡብ ወደ ሰሜን የባሕሩን ዳር ይዞ የሚፈሰው፣ በጀርመናዊው ሊቅ በሁምቦልት ስም የሚጠራው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ነው። ይህ ጅረት በላዩ ያለውን አየር ስለሚያቀዘቅዘው አየሩ ከብዶ በባሕሩ ላይ ይተኛል፤ ወደ ላይ ስለማይወጣም ዝናብ የሚሰጥ ደመና አይሆንም፤ የሚሆነው ካማንቻካ የሚሉት ጉም ብቻ ነው። ሦስተኛው ዘበኛ ደግሞ ከፍተኛ የአየር ግፊት ነው። በዚያ አካባቢ አየሩ ዓመቱን ሙሉ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚወርድ አየር ደግሞ እየሞቀና እየደረቀ ስለሚሄድ ደመናን ያጠፋል።

እነዚህ ዘበኞች ኃይለኞች ከመሆናቸው የተነሣ፣ ከ6,700 ሜትር የሚበልጠው ዩያይያኮ እንኳ ሌሎች ከእርሱ የሚያንሱ የዓለም ተራሮች ያላቸውን ትልቅ የበረዶ ክምር አላከማቸም። ከዚህ የምንማረው ነገር ቁር ብቻውን አመዳይን አያመጣም ማለት ነው። ቁር፣ እርጥበትና አየሩን ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል፣ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ጊዜና በአንድ ስፍራ መገናኘት አለባቸው። በአታካማ ላይኛው ክፍል ቁሩ ሞልቷል፤ የሚጠፉት ሁለቱ ናቸው።

የሆነ ሆኖ ዘበኛ ሁሉ የሚያንቀላፋበት ሰዓት አለው። በበረሃው ላይ እርጥበት የሚገባባቸው ሁለት በሮች አሉ። አንዱ በር በስተምሥራቅ ነው፤ በዚያ አገር በጋ፣ ማለት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ የአማዞን እርጥበት አንዳንዴ ተራራውን ተሻግሮ በደጋው ላይ ዝናብና በረዶ ይጥላል። ሁለተኛው በር በስተምዕራብ ሲሆን የሚከፈተው በክረምታቸው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚያን ጊዜ ከደቡብ ዋልታ በኩል ያለው ቀዝቃዛ የላይኛው አየር አንዱ ክፍል ከመንጋው እንደ ተለየ በሬ ተቆርጦ ወደ ሰሜን ይቅበዘበዛል። ይህ የተቆረጠ ቀዝቃዛ አየር በፓሲፊክ ላይ እየተሽከረከረ እርጥበት ይሰበስብና ወደ አንዲስ ይመጣል፤ ተራራውም አየሩን ወደ ላይ ያነሣዋል። ያን ጊዜ ሦስቱ ነገሮች ይገናኙና ደረቁ ምድር ነጭ ይለብሳል።

በቅርብ ዘመን ይህ ነገር ከአንድ ጊዜ በላይ ታይቷል። በሐምሌ 2011 ኃይለኛ ቁር መጥቶ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አመዳይ ጣለ። በነሐሴ 2013 ደግሞ በሳን ፔድሮ አካባቢ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ያላዩት አመዳይ ወረደ። በሰኔ 2025፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2017 ዓ.ም.፣ አልማ የሚባለው ታላቅ የከዋክብት መመርመሪያ ጣቢያ ሠራተኞች ሲነጋ የሥራ ሰፈራቸው በአመዳይ ተሸፍኖ አገኙት። ሰፈሩ በ2,900 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ነገር ከታየበት አሥር ዓመት ሆኖት ነበር።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሒሳብ የምንወድ ሁሉ አንድ ጊዜ እናስላ። አዲስ የወረደ አመዳይ በውስጡ አየር ስለሚበዛበት፣ በግምት አሥር ሴንቲ ሜትሩ ቢቀልጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ውሃ ይወጣዋል። በ2011 የወረደው 80 ሴንቲ ሜትር ቢቀልጥ እንግዲህ 8 ሴንቲ ሜትር ወይም 80 ሚሊ ሜትር ውሃ ይሆናል ማለት ነው። አሪካ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ከሆነ፣ ይህ ውሃ የአሪካ የሰማንያ ዓመት ዝናብ ቢባል ይበልጣል እንጂ አያንስም። በእርግጥ አሪካ በባሕር ዳር ናት፣ አመዳዩ የወረደው በደጋው ነው፤ ቢሆንም መጠኑን ለመገመት ይረዳናል።

እንግዲህ «ይህ ለበረሃው ሰው በረከት ነው ወይስ መቅሠፍት?» ብለን እንጠይቅ። በዚህ ጥያቄ ላይ እኛ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ለሁለት ተከፍለን ተከራክረንበታል። የሁለቱንም ወገን ነገር እናቀርባለን።

በረከት ነው የሚለው ወገን እንዲህ ይላል። ሊካን አንታይ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች በሳን ፔድሮና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ከጥንት ጀምሮ ላማ ያረባሉ፤ ቦይ እየቆፈሩም በቆሎና አትክልት ያጠጣሉ። ያ ውሃ የሚመጣው በራሳቸው ላይ ከሚዘንበው ሳይሆን በላይኛው ተራራ ከሚወርደው በረዶና ዝናብ ነው። ዝናብ በራቁት ዐለት ላይ ሲወርድ ወዲያው ይሮጣል፤ አመዳይ ግን ታጋሽ ውሃ ነው፤ በተራራው ላይ ተቀምጦ ጥቂት በጥቂት እየቀለጠ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከብዙ ጊዜም በኋላ በታች በኩል ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

መቅሠፍት ነው የሚለው ወገን ደግሞ ይህን ይመልሳል። በመጀመሪያ፣ ከወረደው አመዳይ ብዙው ለመሬቱ አይደርሰውም። አየሩ እጅግ ደረቅ፣ ፀሐይዋም ብርቱ ስለ ሆነች፣ በረዶው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ እንፋሎት ሆኖ ይጠፋል። በከፍተኛዎቹ ተራሮች ላይ ይኸው ፀሐይ የቀረውን በረዶ እየበላች እንደ ጦር የሾሉ ረጃጅም ዓምዶች አድርጋ ታቆመዋለች። የአገሩ ሰዎች ነጭ ለብሰው የሚሄዱ የንስሐ ሰዎችን ስለሚመስሉ ንስሐ ገቢዎች ብለው ሰይመዋቸዋል፤ እንግሊዛዊው ሊቅ ዳርዊንም በ1835 ከዚያ በስተደቡብ ያለውን አንዲስ ሲሻገር እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ጽፎታል። ሁለተኛም፣ በ2011 እንደ ሆነው መንገዱ ይዘጋል፤ መኪናዎች ከነሰዎቻቸው በመንገድ ይቀራሉ፤ ግጦሹ ስለሚሸፈን ከብቱ ይራባል።

የአልማም ነገር የሚያሳስብ ነው። ይህ ጣቢያ 66 አንቴናዎች ያሉት ሲሆን፣ የአውሮፓ፣ የሰሜን አሜሪካና የምሥራቅ እስያ አገሮች ከቺሊ ጋር ተባብረው በቻህናንቶር አምባ ላይ አቁመውት በመጋቢት 2013 ተመረቀ። ትልልቆቹ አንቴናዎች እያንዳንዳቸው የ12 ሜትር ስፋት አላቸው። ያንን ሁሉ ዕቃ አየሩ ለሰው ልጅ መተንፈሻ እንኳ በሚያንስበት በ5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያወጡበት ምክንያት አንድ ነው፤ ከሩቅ ከዋክብት የሚመጣውን ደካማ ሞገድ በአየር ውስጥ ያለ እንፋሎት ስለሚውጠው፣ እንፋሎት የሌለበትን ሰማይ ፈልገው ነው። በ2019 ለዓለም የታየውን የመጀመሪያውን የጥቁር ጉድጓድ ሥዕል ካስገኙት ጣቢያዎች አንዱ ይኸው አልማ ነበር። በዚያ በሰኔ 2025 ቀን ግን ሥራው ቆመ። አመዳይ እንዳይከማችባቸውና ነፋስም እንዳይጎዳቸው፣ እነዚያ ታላላቅ አንቴናዎች ምርምራቸውን ትተው ራሳቸውን ለመጠበቅ ፊታቸውን እንዲያዞሩ ተደረገ።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን በዓይን የማይታዩት ነዋሪዎች ታሪክ ነው። በበረሃው እምብርት፣ ዩንጋይ በሚባለው አካባቢ፣ በ2015 እና በ2017 ያልተለመደ ዝናብ ዘንቦ በደረቁ መሬት ላይ ኩሬ ቆመ። ከውጭ ለሚያይ ሰው «ሕይወት መጣ» የሚያሰኝ ነበር። ነገር ግን በ2018 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በዚያ አፈር ውስጥ ይኖሩ ከነበሩት የረቂቅ ተሕዋስያን ዓይነቶች አብዛኞቹ በኩሬው ውስጥ አልተገኙም። ለብዙ ሺህ ዓመታት ከጥቂት ጤዛ ጋር ለመኖር የተዘጋጀ አካል፣ ውሃው በአንድ ጊዜ ሲጎርፍበት መሸከም አቃተው። የተጠማ ሁሉ ውሃ ቢሞላበት ይድናል ማለት አይደለም።

በአንጻሩ ደግሞ በበረሃው ደቡባዊ ክፍል ከመሬት በታች የተኙ ዘሮች አሉ። እነርሱ ለዓመታት ደርቀው ይቆዩና በቂ ዝናብ ባገኙበት ዓመት በአንድ ላይ ይበቅላሉ፤ አሸዋውም በሐምራዊ፣ በነጭና በቢጫ አበባ ይሸፈናል። በ2015፣ በ2017 እና በ2022 እንዲህ ሆኖ የዓለም ሕዝብ በፎቶግራፍ አይቶታል። እንግዲህ ያው ውሃ አንዱን ገደለ፣ ሌላውን አስነሣ። ልዩነቱ በውሃው ሳይሆን በተቀባዩ ዝግጅት ነው። ዘሩ ዝናቡ የሚመጣበትን ቀን ባያውቅም፣ እንደሚመጣ ዐውቆ እንደ ተቀመጠ ያህል ነው።

ይህ ነገር በሰው ላይ ሲደርስ ምን ያህል መራራ እንደሚሆን ደግሞ መጋቢት 2015 አሳይቷል። በዚያ ወር ከውቅያኖሱ በኩል የመጣው እርጥበት ብዙ ነበር፤ አየሩ ግን እንደ ክረምቱ አልቀዘቀዘም። ስለዚህ በላይኛው ተራራ አመዳይ ሆኖ ይቀመጥ የነበረው ውሃ ብዙው ዝናብ ሆኖ ወረደ። ሣርም ዛፍም የሚይዘው ስላልነበረ ጭቃና ድንጋይ እየጠረገ በደረቁ ወንዞች ተንደረደረ። በኮፒያፖና በቻኛራል ከተሞች ጎርፉ ቤቶችን አፈረሰ፤ ከ25 በላይ ሰዎችም ሞቱ፤ አያሌ ሰዎች ያለ መጠለያ ቀሩ። የወንዙ መንገድ ለብዙ ዓመታት ደረቅ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ከተማው ወንዙን ረስቶት ነበር፤ ወንዙ ግን መንገዱን አልረሳም።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ይገኛል ብለን እናምናለን። በአንድ ተራራ ላይ የሚወርደው ውሃ አመዳይ ወይም ዝናብ መሆኑን የሚወስነው የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ነው። የዓለም አየር እየሞቀ መሄዱን ሳይንቲስቶች በመሣሪያ ለክተው አረጋግጠዋል፤ አየሩ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር በመቶ ሰባት ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ሊሸከም ይችላል፤ አመዳይ ወደ ዝናብ የሚለወጥበትም ከፍታ ወደ ላይ ይወጣል። ስለ አንድ ቀን አመዳይ «ይህ ከሙቀቱ የመጣ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ መፍረድ ችኮላ ነው፤ ጠበብቱም ከዚህ ይቆጠባሉ። ሆኖም ታጋሹ ውሃ ወደ ችኩል ውሃ ሲለወጥ የሚጎዱት በተራራው ሥር የሚኖሩት መሆናቸው ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ቀረብን ጥያቄ ደረስን፤ ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይረባናል? ሁለት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ አማካይ ቁጥር ሲነገረን እንዳንታለል ያስተምረናል። «በአሪካ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ዝናብ ይወርዳል» ሲባል፣ በየዓመቱ ያችኑ ያህል ይወርዳል ማለት አይደለም፤ አያሌ ዓመት ምንም አይወርድም፣ ከዚያ በአንድ ቀን ይመጣል። በቃሉ ሳይሆን በእርሳሱ የሚያስታውስ ሰው በየአገሩ ያስፈልጋል። ዝናብ በሚለካበት ጣቢያ ውስጥ ለአሥራ አራት ዓመት በየቀኑ «ዜሮ» እያለ የጻፈው የአሪካ ሠራተኛ ሥራው ከንቱ ይመስል ነበር፤ እርሱ ባይጽፍ ግን ዛሬ ይህን ሁሉ ባላወቅን። ከመካከላችን ወደ ሜትሮሎጂ፣ ወደ እርሻና ወደ ምህንድስና የሚሄዱ ይኖራሉ። ይህን ሠራተኛ አይርሱት።

ሁለተኛ፣ «ታይቶ አይታወቅም» ማለትን «አይሆንም» ከማለት ጋር እንዳናደባልቅ ያስጠነቅቀናል። ተዳፋት ስፍራ ቤት ስንሠራ፣ ደረቅ የወንዝ መንገድ ላይ ገበያ ስንተክል፣ የተራራውን ዛፍ ስንቆርጥ፣ «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ኮፒያፖም እንዲሁ ይል ነበር። ወላጆቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ሲሉ ያስተማሩን ምክር ለበረሃም ለደጋም ይሠራል።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ እኛ የመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየፊናችን እንበተናለን። በክፍል ውስጥ የተማርነው ብዙው ነገር በየትኛው ቀን እንደሚያስፈልገን አናውቅም። ነገሩ እንደ አሸዋው ዘር ይመስለናል፤ የሚዘንብበትን ቀን መምረጥ አይቻለንም፤ ሲዘንብ ግን በቅሎ ለመገኘት መዘጋጀት ይቻለናል። መምህራኖቻችን ይህንን ዘር በትዕግሥት ስለ ዘራችሁብን፣ ወላጆቻችን ከጉድለታችሁ ቀንሳችሁ ስላስተማራችሁን፣ ከልብ እናመሰግናችኋለን። ለታናናሾቻችን ደግሞ የጂኦግራፊውን መጽሐፍና በግቢው ጥግ የቆመውን የዝናብ መለኪያ አደራ ብለናል፤ ደረቅ በሆነው ቀንም ቢሆን ቁጥሩን መጻፍ እንዳትተዉ።